ስለ ትምህርት ታማኝነት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረጉት ንግግር)



 

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ በዚህ ግቢ እንግዳ አይደለሁም። ከሰዓት በኋላ የአሳይታ ሙቀት ሲበረታ ደብተራችንን ማራገቢያ እያደረግን የተማርነው በእነዚሁ ክፍሎች ውስጥ ነው። ከዚህ ወጥቼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ ዛሬም የአፈርና የመስኖ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ እሠራለሁ።

የበዓሉ አዘጋጆች ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚሄዱት ተማሪዎች የሚጠቅም ምክር እንድሰጥ ጠይቀውኛል። ምክር ብዙ ነው። ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ጤና፣ ስለ ጓደኛ አመራረጥ መናገር ይቻላል። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም በትምህርት ታማኝ መሆን ነው። ስለዚህ ነገር ለመናገር የደፈርሁት ጥፋት የማያውቀኝ ሰው ስለ ሆንሁ አይደለም። ጥፋቱን ሠርቼ ዋጋውን ስለ ከፈልሁ ነው። እርሱንም በቦታው ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ነገሬን ከቤታችን ልጀምር። ከመምህራኖቻችንና ከወላጆች መካከል ከሌላ የአገራችን ክፍል የመጣችሁ አላችሁና፣ የአፋር ልጆች በደንብ የሚያውቁትን ነገር ብደግመው አትሰልቹብኝ። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ፣ ምንም ቢቸኩሉ፣ ቆመው ወይም ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከሰላምታው በኋላ አንደኛው ከየት እንደ መጣ፣ በመንገዱ ምን እንዳየ፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ የከብት በሽታ የት እንደ ገባ፣ ፀጥታው እንዴት እንደ ሆነ ይናገራል። ሌላው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ የራሱን ያወራል። ሬዲዮም ስልክም ሳይኖር ወሬ ይህን ሰፊ በረሃ ያቋርጥ የነበረው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬም ስልክ በኪሱ የያዘ አርብቶ አደር ዳጉን አልተወም።

ዳጉ ተራ ወሬ አይደለም፤ ሕግ አለው። ያየኸውን አየሁ ትላለህ፤ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ፤ ከማን እንደ ሰማኸውም ትናገራለህ። ያላየውን አየሁ ብሎ ያወራ ሰው ይነቀፋል፣ ይቀጣል፤ ከቅጣቱም የሚከፋው ከዚያ በኋላ ቃሉን የሚቀበለው ሰው ማጣቱ ነው። አባቶቻችን ይህን ያህል የጠበቁት ለጨዋነት ብቻ ብለው አይደለም። «ከዚያ ወዲያ ሣርና ውሃ አለ» የሚል የሐሰት ወሬ ሰምቶ ከብቱንና ልጆቹን እየነዳ የሁለት ቀን መንገድ የተጓዘ አባት ደረቅ መሬት ቢጠብቀው ምን ይሆናል? በበረሃ የሐሰት ወሬ ሰው ይገድላል።

እንግዲህ የትምህርት ማስረጃ ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ዳጉ ነው ብዬ እመልሳለሁ። ዲግሪ አንድ ትምህርት ቤት ለአገር ሁሉ የሚነግረው ወሬ ነው። «ይህችን ልጅ አይተናታል፣ መድኃኒት መመጠን ታውቃለች፤ ይህን ልጅ ፈትነነዋል፣ ድልድይ ማስላት ይችላል» ማለት ነው። በሽተኛው የነርሷን ደብተር አላየም፤ በድልድዩ ላይ የሚሄደው ሹፌርም መሐንዲሱ በፈተና ምን እንደ ጻፈ አያውቅም። ሁለቱም የሰሙትን አምነው ነው ሕይወታቸውን የሚሰጡት። ስለዚህ ኮርጆ የተመረቀ ሰው መምህሩን ብቻ ያታለለ ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን ያታለለው ገና ያላያቸውን፣ ነገ ወሬውን አምነው ወደ እርሱ የሚመጡትን ሰዎች ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤

በአገራችን ይህ ነገር ምን ያህል እንደ ጎዳን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. ሩብ ሚሊዮን ያህል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና በተቀመጡበት በመጀመሪያው ቀን፣ የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ላይ ስለ ተገኘ የትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን በሙሉ ሰረዘው። የወረቀቱ መውጣት ከጊዜው የፖለቲካ ክርክር ጋራ የተያያዘ ነበር። ይሁን እንጂ ሌሊት በኩራዝና በስልክ መብራት ሲያጠና የከረመው ልጅም፣ ያላጠናውም፣ ሁለቱም እኩል ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በአዲስ ወረቀት ፈተናው እንደገና ሲሰጥ የማኅበራዊ መገናኛ ገጾች በአገሪቱ ውስጥ እንዲዘጉ ተደረገ። የፈተና ወረቀት ባለመታመኑ የአገር መገናኛ እስከ መዘጋት ደረሰ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በስልክ መልስ መላላክ፣ ተሰብስቦ መሥራት፣ ፈታኙን ማባበል ወይም ማስፈራራት በየቦታው ይወራ ነበር። በመጨረሻም በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጉዘው እንዲፈተኑ ተደረገ። ውጤቱ በጥር ወር ሲነገር አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,161ዱ አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በተሰጠው ፈተናም ያለፉት ከመቶ 3.2 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 ከፍ ብሏል።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጣምም እንጠንቀቅ። ያልተሳካላቸው ሁሉ ኮራጆች ነበሩ ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው። ብዙዎቹ መጽሐፍ ሳይደርሳቸው፣ የሒሳብ መምህር ሳይኖራቸው፣ በጦርነትና በመፈናቀል ትምህርታቸው ተቋርጦባቸው የተቀመጡ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር ግልጽ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ስለ ራሳችን እንሰማው የነበረው ወሬ ሁሉ እውነተኛ አልነበረም። ሣር አለ ሲባል የቆየው ሜዳ ደረቅ ሆኖ ተገኘ።

በዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው ያለፉት 61,054 ናቸው። ከመንግሥት ተቋማት ከመቶ 62 ያህል፣ ከግል ተቋማት ደግሞ ከመቶ 17 ያህል ብቻ አለፉ። አራትና አምስት ዓመት ተምረው፣ ወላጅ ላሙንና ፍየሉን ሸጦ የከፈለላቸው ልጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል በዓመታቱ ሁሉ የጓደኛን ወረቀት እየገለበጠ ክፍል ያለፈ ቢኖር፣ ዋጋውን የተጠየቀው በዚያች በአንዲት ቀን ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ ከአንድ የመስኖ እርሻ አፈር አምጥተን በቤተ ሙከራ የጨውን መጠን እየለካን ዘገባ እንድናቀርብ ታዘዝን። እናንተ የአዋሽ ዳር ልጆች ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ። በዱብቲና በአሳይታ አካባቢ የመስኖ ውሃ በደንብ ካልተንጣፈፈ ጨው ከሥር ወደ ላይ እየወጣ መሬቱን ነጭ ያደርገዋል፤ ጥጥ ይበቅልበት የነበረው ማሳም ምድረ በዳ ይሆናል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በተጣራ ውሃ ተለውሶ ያድራል፤ ከዚያም ውሃው ተጠልሎ በመሣሪያ ይለካል። በዚያ ሳምንት ደግሞ የእግር ኳስ ውድድር ነበረብኝ። ስለዚህ ከእኔ አንድ ዓመት ከቀደመ ተማሪ ዘገባ ተቀብዬ፣ ስሙን አጥፍቼ ስሜን ጻፍሁበት፤ ቁጥሮቹንም እዚህም እዚያም ጥቂት ነካክቼ አስረከብሁ።

ከሳምንት በኋላ መምህራችን ወደ ቢሯቸው ጠሩኝ። ወረቀቱን በፊታቸው ዘርግተው፣ «ልጄ፣ ይህን ቁጥር ከየት አገኘኸው?» አሉኝ።

«ለክቼ ነው» አልሁ።

«ስንት ናሙና ለካህ?»

«ዐሥራ ሁለት።»

ምንም አልተቆጡም። መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው ዐሥራ ሁለት የላስቲክ ከረጢቶች አንድ በአንድ በጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። በእያንዳንዱ ላይ በገዛ እጄ የጻፍሁት ስሜ አለበት። ከመስክ ያመጣሁት አፈር ነበር፤ አንዱም ከረጢት አልተፈታም።

እኔም ያን ጊዜ የምለው ጠፋኝ። በትምህርቱ ኤፍ ተሰጠኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም በማኅደሬ ገባ። ያ ትምህርት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ ስለ ነበረ ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ ቀረሁ። ይህ በወረቀት የተጻፈው ቅጣት ነው። ሌላኛው ቅጣት ግን የጠበቀኝ እዚሁ አሳይታ ነው።

ለክረምት ዕረፍት ስመጣ አባቴ እንደ ልማዳችን ዳጉ ጠየቀኝ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ወሬ መቀበልና ማቀበል ግን ያውቅ ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አገሩ ሁሉ ነገርሁት። ስለ ትምህርቴ ሲጠይቀኝ «ደኅና ነው» አልሁ። በሁለተኛውም ቀን «ደኅና ነው» አልሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ እንቅልፍ ስለ ነሣኝ ተነሥቼ ሁሉን ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ያን ቁጥርህን አምኖ የዘራ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልሁ።

«እንግዲያው አላህ ጠብቆሃል። ዘርቶ ቢሆን ኖሮ በምን ትክሰው ነበር?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዛሬ የእኔን ቁጥር አምነው የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ። መሣሪያውን ባነሣሁ ቁጥር የአባቴ ድምፅ በጆሮዬ ነው።

የእኔ ሐሰት በአንድ መሳቢያ ውስጥ ተይዞ ቀረ። በመሳቢያ ሳይቀር ዓለምን ያሳሳተ ሐሰት ግን አለ፤ እርሱም ከእኛ ከአፋር ምድር ጋራ የሚያገናኘው ነገር ስላለ ልናገረው እወዳለሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በእንግሊዝ አገር ፒልትዳውን በሚባል ስፍራ የጥንታዊ ሰው የራስ ቅል ተገኘ ተባለ። ታላላቅ ሊቃውንት ተቀበሉት፤ በመጻሕፍትም ገባ። አርባ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ በ1953 በጥንቃቄ ሲመረመር፣ የራስ ቅሉ የሰው፣ መንጋጋው ግን ኦራንጉታን የተባለው የዝንጀሮ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ጥርሶቹ በሞረድ ተሞርደዋል፤ አጥንቱም አሮጌ እንዲመስል ቀለም ተነክሯል። ዋና ተጠርጣሪ የሆነው አቅራቢው ቻርልስ ዳውሰን ሐሰቱ ሳይገለጥ በ1916 ሞቷል። በዚያ መካከል ግን በ1924 በደቡብ አፍሪካ ታውንግ የተገኘው እውነተኛ ጥንታዊ የሕፃን ቅል ለብዙ ዓመታት ተገቢውን ተቀባይነት ሳያገኝ ቆየ። አንዱ ምክንያት ከፒልትዳውኑ ሐሰት ጋራ አለመስማማቱ ነበር። የአፍሪካ እውነት በአውሮፓ ሐሰት ተሸፍኖ ኖረ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ በአዋሽ ሽቅብ እንሂድ። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በሐዳር ድንቅነሽ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከሐዳር ከወንዙ ማዶ በምትገኘው በዲኪካ ደግሞ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠረች ሕፃን አጽም አገኘ፤ እርሷም ሰላም ተብላለች። አጽሟ ከጠንካራ የአሸዋ ድንጋይ ጋራ ተጣብቆ ነበር። ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም በሚሠራበት ዓይነት ቀጭን መሣሪያ ድንጋዩን ቅንጣት በቅንጣት እያነሣ ከአምስት ዓመት በላይ ሠራ፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረውም በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። ቸኩሎ ቢሆን ኖሮ አጥንቱ በተሰበረ፤ ያላየውን አየሁ ቢል ኖሮም ስሙ ከዳውሰን ጋራ በተቆጠረ ነበር። በገዛ ምድራችን የተሠራ ሥራ ስለ ሆነ ይህን ምሳሌ ከእኛ ይበልጥ የሚያኮራው የለም።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ ኩረጃ የሚባለው በፈተና ክፍል አንገት ማስረዘም ብቻ እንዳልሆነ እወቁ። አጤሬራ ይዞ መግባት ኩረጃ ነው። በሌላ ሰው ስም መፈተን፣ ሰው በስምህ እንዲፈተን ማድረግም እንዲሁ ነው። ያልተለካውን ለካሁ፣ ያልተጠየቀውን ሰው ጠየቅሁ ብሎ ዘገባ መጻፍ፣ የሌላውን ጽሑፍ ስሙን ሳይጠሩ የራስ ማድረግ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በገንዘብ ማስጻፍ፣ ይህ ሁሉ አንድ ጥፋት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ደንብ ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ክብደት ከኤፍና ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ እስከ መታገድና እስከ መባረር ይደርሳል።

ከተመረቁም በኋላ ነገሩ አይዘጋም። ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ የጀርመን የመከላከያ ሚኒስትር ነበር። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዶክትሬት ጽሑፉ ከሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ምንጩ ሳይጠራ የተወሰደ ክፍል የበዛበት መሆኑ ተደረሰበትና ዩኒቨርሲቲው ማዕረጉን ነጠቀው፤ ወዲያው ከሥልጣኑም ለቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት የሃንጋሪው ፕሬዚዳንት ፓል ሽሚት በዚሁ ምክንያት ዶክትሬቱን ተነጥቆ ፕሬዚዳንትነቱን ተወ። ጽሑፉ ከቀረበ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር። የተጻፈ ነገር አይሞትምና ስንት ዓመት ቢቆይ ጠያቂ አያጣም።

በዘመናችን ደግሞ አዲስ ፈተና መጥቷል። ቻትጂፒቲን የመሰለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ በስልካችሁ ላይ ጥያቄ ብትጽፉለት በደቂቃ ውስጥ ድርሰት ይጽፍላችኋል። ያልገባን ነገር እንዲያብራራልን ብንጠይቀው ክፉ አይደለም፤ መምህሩ የፈቀደ እንደ ሆነ። ነገር ግን አንድ ጠባዩን እወቁ፤ አንዳንድ ጊዜ የሌለ መጽሐፍ እንዳለ አድርጎ፣ ያልተናገረ ሊቅ እንደ ተናገረ አድርጎ ይጽፋል። ከማን እንደ ሰማ በእውነት የማይናገር ወሬ ነጋሪ ማለት ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነጋሪ ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ። እናንተ ራሳችሁ ሳታረጋግጡ ቃሉን ተቀብላችሁ በስማችሁ ብታቀርቡ ሐሰቱ የእናንተ ይሆናል።

ተማሪዎች ለኩረጃ የሚያቀርቡትን ምክንያት አውቃለሁ፤ እኔም ተናግሬዋለሁና። አንደኛው «ሁሉም ይኮርጃል» የሚለው ነው። ሁሉም አይኮርጅም። በክፍላችሁ ዝም ብለው የሚሠሩትን አትቆጥሯቸውም እንጂ አሉ፤ የምትሰርቁትም ከእነርሱ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ወንበር ውስን ነውና።

ሁለተኛው «ለጓደኛ ካላስኮረጅሁ ክፉ እባላለሁ» የሚለው ነው። ይህ ከልብ የሚመጣ ስለ ሆነ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸግራል። ነገር ግን በባህላችን እኩዮች በፊኢማ የሚተሳሰሩት ያጠፋውን ለመሸፈን ነውን? ፊኢማ ያጠፋ አባሉን ራሱ ይገሥጻል፣ ራሱ ይቀጣል፤ እኩዮችህ ካላረሙህ ማን ያርምሃል? ጓደኛህን ከወደድኸው ከፈተናው በፊት በነበረው ምሽት አብረኸው ተቀመጥ፤ ያልገባውን አስረዳው። በፈተናው ሰዓት ወረቀትህን ብታሳየው ግን ከችግሩ ጋራ ወደሚቀጥለው ዓመት ትልከዋለህ።

ሦስተኛው «መሠረታችን ደካማ ነው፤ መጽሐፍና መምህር ሳይሰጡን ከከተማ ልጅ ጋራ እኩል ይፈትኑናል» የሚለው ነው። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነው፤ አልክደውም። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ኩረጃ ነውን? ድርቅ የገባበት አገር «ሣራችን ለምለም ነው» ብሎ ወሬ ቢልክ ማን እርዳታ ይልክለታል? ውጤታችን በኩረጃ ያማረ እንደ ሆነ የጎደለን መምህር፣ የጎደለን ቤተ ሙከራ አይታይም። በ2015 ዓ.ም. የተነገረው መራራ ውጤት እውነተኛ ዳጉ ስለ ነበረ ነው በዩኒቨርሲቲዎች የማካካሻ ትምህርት እንዲጀመር ያደረገው። በእውነት የወደቀ ትምህርት ቤት ሊጠይቅ ይችላል፤ በሐሰት ያለፈ ግን የሚጠይቅበትን አፍ ራሱ ዘግቷል።

ለተከበሩ መምህራኖቼ ጥቂት ቃል ልናገር። የእናንተን ድካም አውቃለሁ። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ስም እንዳይወድቅ ብሎ በፈተና ቀን ፊቱን የሚያዞር መምህር ቢኖር፣ ስሙን ለአንድ ዓመት አድኖ ልጁን ለዕድሜ ልኩ ይጎዳዋል። ያ የእኔ መምህር ከረጢቶቹን ጥለው ወረቀቱን ቢያልፉት ኖሮ ቀላል ነበር። ዛሬ ግን እዚህ ቆሜ ባልተናገርሁ።

ለወላጆችም እንዲሁ። «አለፍህን?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ምን ተማርህ? አሳየኝ» በሉ። እንቁላል ሰርቆ ሲያመጣ እናቱ ዝም ያለችው ልጅ አድጎ በሬ ሰርቆ ሲፈረድበት «እናቴ፣ ያን ጊዜ በእንቁላሉ በቀጣሽኝ» እንዳለ አትርሱ። የልጃችሁን የቤት ሥራ ሰው እንዲሠራለት ገንዘብ መክፈል እንቁላሉን ተቀብሎ መጥበስ ነው።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ከእናንተ መካከል በሚመጣው ዓመት ወደ ሰመራ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሌላም አገር ለትምህርት የሚሄዱ አሉ። መንገዱ ይቅናችሁ። አንዳንዴ ትወድቃላችሁ፤ አንዱ ትምህርት ይከብዳችኋል፤ ዝቅተኛ ውጤትም ታመጣላችሁ። በእውነት የመጣ ዝቅተኛ ውጤት አያሳፍርም፤ ቀጥሎ ምን ማጥናት እንደሚገባ ይናገራል። እኔ ያን ትምህርት በሁለተኛው ዓመት ስወስደው ያገኘሁት ውጤት መካከለኛ ነበር። ዐሥራ ሁለቱን ከረጢቶች ግን በገዛ እጄ ፈትቻቸው ነበር።

ተምራችሁ ስትመለሱ በዚህች ከተማ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ አግኝቷችሁ ያስቆማችኋል፤ ከሰላምታው በኋላም «ምን አየህ? ምን አየሽ?» ይላችኋል። በዚያ ሰዓት «በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የሠራሁት ይህ ነው» ብላችሁ ሳታፍሩ የምትናገሩት እውነተኛ ነገር ይዛችሁ እንድትመጡ ምኞቴ ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።